ትናንት ደህና ነበሩ

«እርጅና ነው፤ ምን ይደረግ?»

ይህን መልስ አባቴ በተኙበት ዋርድ በ4 ቀን ውስጥ ከ5 ሰው ሰማሁት፦ ከነርሷ፣ ከተለማማጅ ሐኪሙ፣ ከበር ጥበቃው፣ ጎናችን ከነበሩት አስታማሚ እናት፣ በመጨረሻም ከገዛ አጎቴ። አምስቱም የተናገሩት ሊያጽናኑኝ ነበር። አባቴ ግን ያረጁት በዚያ ሳምንት አይደለም። ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው እስከተሰበረበት እሑድ ድረስ የዕድሩን ደብተር የሚይዙ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከነአባቱ ስም የሚጠሩ የ79 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ ከተባለ በኋላ በሁለተኛው ሌሊት፣ ከ30 ዓመት በፊት የሞተ ወንድማቸውን እየተጣሩ «በሬዎቹ ወጡ፣ በሩን ዝጋ!» ማለት ጀመሩ። ጉሉኮሱን ነቀሉት። ልነሣ ብለው ሲታገሉ እጃቸው በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ታሰረ። በማግስቱ ደግሞ ጭጭ አሉ። ያም ዝምታ «ዛሬ ተሽሏቸዋል» ተባለ።

አልተሻላቸውም ነበር። ያገኛቸውም እርጅና አልነበረም። ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የሚጀምር፣ አንዴ ጋብ አንዴ ባስ የሚል የአእምሮ መታወክ ነው። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። የመርሳት በሽታ እንኳ በወራትና በዓመታት እየሸረሸረ ነው የሚመጣው። በአንድ ሌሊት የመጣ ነገር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይመጣ ማስቀረት ይቻላል። ስለዚህ እንዲህ ብዬ እሟገታለሁ፦ ሆስፒታል የገቡ አረጋውያን የሚቃዡት ዕድሜያቸው ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ በአያያዛችን እኛ የምንጨምርባቸው ብዙ አለ። ይህን ጉዳት ከማንም በላይ ሊከላከሉ የሚችሉትን ሰዎች ደግሞ በየማለዳው ከዋርድ በር ወደ ውጭ እናስወጣቸዋለን።

«እርጅና ነው» የሚለው ወገን ባዶ እጁን የቆመ አይደለም። በወጣት ላይ እምብዛም የማይታይ መቃዠት በአረጋዊ ላይ በየዕለቱ ይታያል፤ ታዲያ ዕድሜ ካልሆነ ምንድን ነው ይላል። የሳንባ ምቹ ወይም ስብራቱ ሲድን መቃዠቱም አብሮ ስለሚጠፋ ዋናውን በሽታ ማከም ይበቃል ይላል። አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ክፍል በሽተኛ ብቻዋን በምትይዝበት፣ ጓንትና መርፌ ቤተሰብ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ በሚያመጣበት ሆስፒታል ስለ አረጋውያን እንቅልፍና መነጽር ማውራት የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ይላል። የሚታገል ሰው ከአልጋ ወድቆ ዳግም ሊሰበር ስለሚችል በመርፌ ማስተኛት ርኅራኄ ነው ይላል። አስታማሚ ሲበዛ ደግሞ ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ተላላፊ በሽታ ይገባል፣ ሐኪም ሥራውን መሥራት ያቅተዋል ይላል። ይህን ሁሉ የሚሉት ቅን ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹም ከአቅማቸው በላይ የሚሠሩ ናቸው። ግን ተሳስተዋል።

ከዕድሜው እንጀምር። ዕድሜ ሰውን ለዴሊሪየም ያጋልጣል፤ እውነት ነው። የደረቀ ሣር ግን በራሱ አይነድም፤ ክብሪት የጫረ አለ። ክብሪቱ ምንድን ነው? አሜሪካዊቷ የአረጋውያን ሐኪም ሻሮን ኢኖዬ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ አረጋውያን ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ዴሊሪየምን የሚቀሰቅሱ አምስት ነገሮችን ለይታ አወጣች፦ በሽተኛን ማሰር፣ የምግብ እጥረት፣ ከ3 በላይ አዳዲስ መድኃኒቶችን ባንድ ጊዜ መጨመር፣ የሽንት ቱቦ፣ እንዲሁም ሕክምናው ራሱ የሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳት። አምስቱንም መልሳችሁ ተመልከቱ። ከመካከላቸው እግዚአብሔር ያመጣው የትኛው ነው? ሁሉም በሰው እጅ የሚደረጉ ወይም በሰው እጅ ሊቀሩ የሚችሉ ናቸው።

በአባቴ ላይ የሆነውን ልቁጠር። ለቀዶ ሕክምና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ተባለ። በማግስቱ ተራ አልደረሳቸውም፤ ለሚቀጥለው ቀን ተላለፉ፤ ዳግመኛ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጾሙ። ከማደንዘዣ በፊት እስከ 2 ሰዓት ድረስ ንጹሕ ውሃ መጠጣት ለአብዛኛው በሽተኛ እንደሚፈቀድ የማደንዘዣ ሕክምና መመሪያዎች ከጻፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ አባቴ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከንፈራቸው ደርቆ ዋለ። የሽንት ቱቦ ገባላቸው፤ ለምን እስከ አምስተኛው ቀን እንደቆየ የጠየቀ የለም። መነጽራቸውን «እዚህ ይሰረቃል» ብለን ቤት ያስቀመጥነው እኛው ልጆቻቸው ነን። የክፍሉ መብራት ሌሊቱን ሁሉ አልጠፋም። ሲነጫነጩ የእንቅልፍ መርፌ ተወጉ። ሲታገሉ ታሰሩ። ይህን ሁሉ በ40 ዓመት ጎልማሳ ላይ ብናደርገው እሱስ ጤናውን ይዞ ይወጣ ነበር?

«በሽታው ሲድን ይጠፋል» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለው። ከብዙዎች ላይ መቃዠቱ በቀናት ውስጥ ይነሣል። ግን ምን ጥሎ ይሄዳል? የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ትንታኔ፣ በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ በተደረገ ክትትል፣ ሆስፒታል ሳሉ ዴሊሪየም ከያዛቸው አረጋውያን መካከል ከ100ው 38ቱ ሞተው ነበር፤ ካልያዛቸው ግን ከ100ው 27 ወይም 28። ልዩነቱ የዕድሜ፣ የሌላ በሽታ ወይም ቀድሞ የነበረ የመርሳት ችግር ብቻ እንዳይሆን ተጠንቅቀው አስልተውታል። ከሞት የተረፉትም በኋላ የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው እጅግ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ሲጠፋ ይህን ሁሉ ትቶ የሚሄድ ነገር «ያልፋል» ይባላል? የዓባይ ሙላትም ያልፋል፤ ማሳውን ይዞ ነው የሚያልፈው።

ይባስ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ዴሊሪየም ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የሚጮኸውን፣ ጉሉኮስ የሚነቅለውን በሽተኛ ነው። ዝም የሚሉት ግን ይበዛሉ። ግድግዳ ላይ አፍጥጠው የሚውሉ፣ ጉርሻውን አፋቸው ውስጥ ይዘው የሚረሱ፣ ሲጠሯቸው ዘግይተው የሚያቃስቱ እናቶችና አባቶች ናቸው። ማንንም ስለማይረብሹ ማንም አይመጣላቸውም። «እንዴት ያሉ ጨዋ በሽተኛ ናቸው» ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ። የዝምታው ዓይነት ካልታወቀ የሳንባ ኢንፌክሽኑ፣ የውሃ እጥረቱ፣ የታፈነው ሽንት ሳይታወቅ ይቀጥላል።

አንድ ሌላ እምነት አለ፤ ነርሶች ጮክ ብለው አይናገሩትም፣ ቤተሰብ ግን ያምንበታል። አረጋዊ ሰው የሞቱ ዘመዶቹን መጥራት ሲጀምር «ሙታን እየጠሩት ነው» ይባላል። አልጋው አጠገብ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሩቅ ልጆች ይጠራሉ፤ «ቤቱ ገብቶ ይረፍ» ይባልና ከሐኪም ፈቃድ ውጭ ፈርመው ያወጡታል። ንስሐ አባት መጥራት መልካም ነው፤ ጸበልም ለሚያምንበት ሰው መልካም ነው። እኔ የምቃወመው ንስሐ አባቱ ተጠርተው ሐኪሙ የማይጠራበትን አሠራር ነው። የሽንት ኢንፌክሽን ያለባት የ80 ዓመት እናት በሦስት ቀን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ልጆቿን በየስማቸው ልትጠራ ስትችል፣ ሙታን ጠርተዋታል ብለን ነጠላ አዘቅዝቀን እንጠብቃታለን?

አሁን ወደ ቅንጦቱ። ይህ ክርክር ጠንካራ የሚመስለው መከላከያው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢኖዬና ባልደረቦቿ በየል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ በሆነ 852 በሽተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የሠሩት ምንድን ነው? በሽተኛው ያለበትን ቦታና ቀኑን በየዕለቱ መንገር፣ በቀን ሦስት ጊዜ ደግፎ ማራመድ ወይም እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ፣ መነጽሩን ማጥለቅ፣ ጆሮውን ከኩክ ማጽዳት፣ ውሃ ማጠጣት፣ ማታ በእንቅልፍ ክኒን ፋንታ ትኩስ ወተት ወይም ሻይ መስጠትና ጀርባ ማሸት፣ ጩኸት መቀነስ። ይህ ነው ሁሉም። ዴሊሪየም የያዛቸው በሽተኞች ከ100ው 15 የነበሩት ወደ 10 ገደማ ወረዱ። ከዚህ ውስጥ አገራችን የማትችለው የትኛውን ነው? ጀርባ ማሸት ከእናቶቻችን በላይ ማን ያውቅበታል?

ከዚያው ጥናት ሌላ ውጤት አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። መቃዠቱ አንዴ ከጀመረ በኋላ ያው እንክብካቤ ክብደቱን ሊቀንሰውም ሆነ ዳግም እንዳይመለስ ሊያደርገው አልቻለም። «ሲመጣ እናክመዋለን» ለሚለው ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላውቅም። የሚሠራው ሥራ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ካርድ ሲወጣ፣ አልጋ ሲያዝ።

በየል ሆስፒታል እንኳ ያን ሥራ ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ቤተሰብ ሌት ተቀን አብሮ የማያድርበት አገር ስለሆነ ከውጭ ሰው መፈለግ ነበረባቸው። ከዚህ ይበልጥ እኛን የሚመለከተው ግን የቻይናው ነው። በቼንግዱ ከተማ ያለው የምዕራብ ቻይና ሆስፒታል ሐኪሞች ይህንኑ ፕሮግራም ለራሳቸው አገር ሲያስማሙት ቤተሰብን አስገቡበት። በሽተኛውን የሚያስታምመው ሰው ከነርሷ ጋር ተማክሮ፣ ምን እንደሚያደርግ ታይቶት፣ የየዕለቱ ሥራ ድርሻው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ታተመ፦ ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ ከሆነ 281 የቀዶ ሕክምና በሽተኞች መካከል፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ከ100ው 19ኙ ዴሊሪየም ሲይዛቸው፣ ቤተሰብ ከተሳተፈባቸው ከ100ው 3 እንኳ አልሞሉም። አንድ ሆስፒታል ነው፤ ሌላ ቦታ ልክ ይህንኑ ቁጥር አያመጣ ይሆናል። ግን አቅጣጫውን ለመካድ ድፍረት ይጠይቃል።

አስቡት እንግዲህ። ሌሎች አገሮች በገንዘብና በሥልጠና የሚፈልጉት ሰው፣ እኛ ዘንድ አልጋው ሥር በፌስታል ላይ ተኝቶ ያድራል። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ጎረቤት ተራ ገብተው ያስታምማሉ። ምግብ ያመላልሳሉ፣ መድኃኒት ይገዛሉ፣ ደም ሊለግሱ ይሰለፋሉ። ጉልበታቸውን ሙሉ በሙሉ እንጠቀምበታለን። እውቀታቸውን ግን አንጠይቅም። ማለዳ ሐኪሞች ለጉብኝት ሲመጡ የመጀመሪያው ትእዛዝ «አስታማሚዎች ውጡ!» ነው። ሌሊቱን ሙሉ የነቃችው፣ አባቷ በስንት ሰዓት መቀባጠር እንደጀመሩ የምታውቀው፣ ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጡ የቆጠረችው ሴት ልጅ ኮሪደር ላይ ትቆማለች። ሐኪሙ ደግሞ በሽተኛውን «እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል።

ሽማግሌውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እናንተስ?» ይላሉ።

ይህን መልስ ሰምቶ የሚያልፍ ሐኪም ምን ያህል እንደሚታለል ማንም አልነገረውም። ሰላምታ በእኛ ባህል ከአጥንት ጋር የተዋሐደ ነገር ነው። ያሉበትን ከተማ የማያውቁ፣ ሐኪሙን የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው ብለው የሚያስቡ ሰው እንኳ ሰላምታውን ከነምስጋናው አሟልተው ይመልሳሉ። አባቴ በዚያ በጨለመባቸው ሰሞን አንድ ማለዳ ሐኪሙን «ቤተሰብ ደህና? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?» ብለው ጠይቀውታል፤ እሱም ፋይላቸው ላይ ንቃታቸው ጥሩ እንደሆነ ጻፈ። ሕመምም እንደዚሁ ይደበቃል። «ያምምዎታል?» ለሚለው ጥያቄ «ተመስገን፣ ምን አለብኝ» የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ ችሎ ማለፍን እንደ ክብር ይዘውት ያደጉ። ያልታከመ ሕመም ደግሞ እንቅልፍ ከልክሎ፣ እንዳይነሡ አድርጎ አእምሮን ይጎዳል።

ታዲያ እውነቱን ከማን እንሰማለን? ከኮሪደሩ። የኤድንብራ ሐኪሞች ያዘጋጁት፣ ፎር ኤ ቲ የሚባል፣ 2 ደቂቃ የማይፈጅ መመዘኛ አለ፤ ክፍያ አይጠየቅበትም። በሽተኛው ነቅቶ እንደሆነ ያያል፤ ዕድሜውን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጠይቃል፤ ወራትን ከኋላ ወደ ፊት እንዲቆጥር ያደርጋል። ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያለ ግንቦት ላይ ከተደናበረ ትኩረቱ ተነክቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ሁኔታው በድንገት የተለወጠ ወይም የሚዋዥቅ መሆኑን ይጠይቃል፤ ይህን ደግሞ የሚያውቀው አብሮት የነበረ ሰው ነው። ነጥቡ 4 ከደረሰ ዴሊሪየም ይጠረጠራል፤ ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ደግሞ ብቻዋን ሙሉ 4 ነጥብ ታሰጣለች። የትውልድ ቀናቸው ተጽፎ ለማያውቅ አረጋውያን ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይታያችሁ። አንዲት ልጅ «ትናንት ደህና ነበሩ» ስትል ከማንኛውም ምርመራ ቀድማ ዋናውን ምልክት ተናግራለች። እኛ ግን ይህችን ልጅ «እርጅና ነው» ብለን እናሰናብታታለን።

መጨናነቁ ችግር አይደለም አልልም። ስምንት ዘመድ አንድ አልጋ ከቦ መቆሙ በሽተኛውንም ያደክማል፤ ተላላፊ በሽታም እውነተኛ ሥጋት ነው። ግን መልሱ የታወቀ አንድ አስታማሚ መመደብ፣ እጁን መታጠብ ማስተማር፣ በጉብኝት ሰዓት አልጋው አጠገብ እንዲቆም መፍቀድና መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ነው። ሁሉንም ማስወጣት ሥርዓት ይመስላል እንጂ ሕክምናን ያጎድላል።

ስለ መርፌው ብዙ ማለት አይጠበቅብኝም፤ ጥናቶቹ ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በአሜሪካ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተኙ 566 ዴሊሪየም የያዛቸው ሰዎችን ያካተተ ጥናት ሃሎፔሪዶልን መድኃኒት ከሌለበት መርፌ ጋር አወዳድሮ መቃዠቱን ባንድ ቀን እንኳ እንዳላሳጠረው አሳይቷል። ዲያዜፓምና ወንድሞቹ አልኮል በድንገት ያቆመን ሰው ሲያድኑ፣ ሌላውን አረጋዊ ግን ይበልጥ ያደናግራሉ። ለማቅለሽለሽ ወይም ለእንቅልፍ ተብሎ በቀላሉ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን፣ ለአለርጂ የሚሰጠው ዲፌንሃይድራሚን፣ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን አእምሮ ለትኩረትና ለማስታወስ የሚጠቀምበትን ኬሚካል ያፍናሉ። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የደረሰ፣ በምንም ሊረጋጋ ያልቻለ ሰው ጥቂት መጠን ሊሰጠው የሚገባበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። ግን የተወጋው መርፌ ያረጋጋው ማንን ነው? በሽተኛውን ነው ወይስ ዋርዱን? ፋሻውም እንዲሁ ነው። እጁ የታሰረ ሰው የበለጠ ይፈራል፤ የፈራ ሰው የበለጠ ይታገላል። አባቴ በኋላ ከዚያ ሌሊት የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መታሰራቸውን። ምን እንዳጠፉ እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል።

ቤተሰብንም ሳልወቅስ አላልፍም፤ ራሴን ጨምሮ። መነጽሩን ቤት ያስቀረነው እኛ ነን። «አያስቸግሯቸው፣ ይተኙ» ብለን ቀኑን ሙሉ ያስተኛናቸውም እኛው ነን፤ ቀን የተኛ ሰው ሌሊት ይቃዣል። እናቶች ፖፖ ለመጠየቅ፣ በተለይ ከወንድ ልጅ፣ ስለሚያፍሩ ውሃ መጠጣት ይተዋሉ፤ እኛም «አልጠማኝም» ሲሉ እናምናቸዋለን። ታምመውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደምታዝንለት እያወቅን ደፍረን «አባ ፈቅደዋል፣ ይቅመሱ» አንልም፤ አባንም አንጠይቅም። በየቀኑ ቤት የሚውጡትን መድኃኒት በፌስታል ሰብስበን ለሐኪሙ አናሳይም። ሐኪሙ እንዳይቆጣን ብለን አልኮል ይጠጡ እንደነበረ እንደብቃለን።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን ይህ ነገር ሌላ መልክ አለው። በዋሽንግተን አካባቢ ልጆቿ ዘንድ የምትኖር እናት ሆስፒታል ስትገባ ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ በኩል ዓመተ ምሕረቱን ትጠይቃታለች። እናት በራሷ አቆጣጠር ትመልሳለች፤ ነርሷ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች ብላ ትመዘግባለች። ከማለዳው ዘጠኝ ላይ ስንት ሰዓት ነው ስትባል «ሦስት» ትላለች፤ ይህም ስሕተት ተብሎ ይመዘገባል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትና ሰሌዳ ለእሷ ምንም አይነግሯትም። እሷ ቀኑን የምታውቀው በበዓላቱ ነው፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ። ስለዚህ ጤነኛዋ ታማሚ ትባላለች፤ የእውነት የታወከችው ደግሞ «ቋንቋ ስለማትችል ነው» ተብላ ትታለፋለች። ለእንዲህ ያለች እናት ከአልጋዋ ትይዩ በትልቁ በአማርኛ «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ያለሽው ሆስፒታል ነው፣ ሣራ በ10 ሰዓት ትመጣለች» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ከመርፌው የበለጠ ሕክምና ሰጥቷታል።

ከ100 የዴሊሪየም በሽተኞች ከ30 እስከ 40 የሚሆኑትን መከላከል ይቻላል የሚለው ግምት በዚህ ሙያ ላይ በተሠማሩ ሰዎች ዘንድ ተደጋግሞ ይነገራል። ቀሪዎቹን መከላከል አይቻል ይሆናል፤ በሽታቸው ከባድ ነው፣ አእምሯቸው ቀድሞውንም ተጎድቷል። ሁሉም ይድናሉ አላልኩም። የምለው፣ ሊድኑ የሚችሉትን ከማይድኑት ሳንለይ ሁሉንም በአንድ ቃል ቀበርናቸው ነው። ለወባ «ክረምት ነው፣ ምን ይደረግ» አንልም። ለወላድ ደም መፍሰስ «ሴት መሆን ነው» አንልም፤ እንል ነበር፤ ማለታችንን ስላቆምን እናቶች መትረፍ ጀመሩ። ለአረጋውያን ለምን እንላለን?

ስለዚህ ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አልጋ በያዘበት ሰዓት ነርሷ ለአስታማሚው የምትሰጠው አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ይጻፍ። መነጽሩን አምጡ ይበል። በየሁለት ሰዓቱ አጠጡ፣ ቀን አስነሡ፣ ማታ መብራት ቀንሱ፣ ንግግሩ ወይም ዝምታው ከተለወጠ በዚያው ሰዓት ጥሩን ይበል። የሽንት ቱቦ ያለበት በሽተኛ ፋይል ላይ «ዛሬም ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ በየማለዳው ይመለስ። በጉብኝት ሰዓት አንድ አስታማሚ አልጋው አጠገብ ይቁም። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃም ሆነ የውጭ ምንዛሪ አንጠይቅም።

በአራተኛው ቀን እህቴ የአባቴን መነጽር አመጣች። ቱቦው በአምስተኛው ቀን ወጣ። በሰባተኛው ቀን ስሜን ጠሩኝ፤ ከዚያም ስለ በሬዎቹ ጠየቁኝና ራሳቸው አፈሩ። አሁን በከዘራ ይሄዳሉ፤ ማለዳ ጋዜጣ ይዘው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ገጹን ግን እምብዛም አይገልጡትም። የዕድሩን ደብተር ለሌላ ሰው አስረክበዋል። የወጡበት ካርድ እጄ ላይ አለ፦ «የዳሌ ስብራት። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተሽሎት ወጥቷል» ይላል። ከሁለተኛው ሌሊት እስከ ሰባተኛው ቀን ስለሆነው ነገር አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ተመልሼ ሄጄ እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ። መዝገብ ቤት ያለው ልጅ ካርዱን አገላብጦ አየና የአባቴን ዕድሜ ጠየቀኝ።